የታጠበው ሽቲ

ገመድ ላይ የደረቀ ልብስ ሳወርድ አሁንም ፊቴን አዞራለሁ። የሚያስቸግረኝ ፀሐይ የመታው ሳሙና ሽታ ነው። ሌላው ሰው ንጹሕ ልብስ ሲያነሣ ወደ አፍንጫው ያስጠጋል፣ ደስ ይለዋል። እኔ በሁለት ጣቴ አንጠልጥዬ ቅርጫት ውስጥ እጥለዋለሁ። ትናንት እንዲህ ሳደርግ አይተሽ ሳቅሽብኝ። «ምን ሆነሽ ነው?» ስትዪኝ «ተዪው» አልኩሽ። «አንቺ ደግሞ ተዪው ማለት ትወጃለሽ» አልሽ። እውነትሽን ነው። ድካም ነው መሰለኝ፤ ሰው ሲደክመው ረጅም መልስ አይወጣውም።

ግን እስቲ ቃሉን አስቢው። እሳት ሊነካ ለሚድህ ሕፃን «ተው!» እንላለን። ለሚደባደቡት «ተዉ!» እንላለን። ጎረቤት ጉድ ስታወራልን «ተዪ እባክሽ!» እንላታለን፣ ያ እንኳ ቀጥዪ ማለታችን ነው። ላለቀሰ ሰው «በቃ ተወው»፣ ለበደለን ሰው «ትቼልሃለሁ»፣ ባል ሚስቱን ጥሎ ሲሄድ ደግሞ «ተዋት» ነው። ሁለት ፊደል ሆኖ ይህን ሁሉ ይሸከማል። ልጅ ሳለሁ ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ማሰብ የጀመርኩት ጅቡቲ፣ የሌላ ሰው ልጅ መተው ያቃተኝ ጊዜ ነው።

የተቀጠርኩበት ቤት ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባል ሰፈር ነበር። ልብስ ለማስጣት ጣሪያው ላይ ስወጣ የወደቡ ክሬኖች ይታዩኛል፤ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ጨውና ናፍጣ ይሸታል። ስገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ማዳም የአገሩ ሱማሌ ናት፤ ልጅነቷን እዚሁ ድሬዳዋ ዘመዶቿ ጋ ስላሳለፈች አማርኛ ትችላለች። ባሏ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ነበር የሚሠራው፣ እሷም ቢሮ ትውላለች። ክፉ ሴት አልነበረችም። ብርጭቆ ስሰብር «ኢስካ ዳ» ትለኛለች፣ የሱማሌዎቹ ተዪው ነው። የጀመርኩትን ሥራ ስታስቆመኝ «ሌስ» ትላለች በፈረንሳይኛ። ሲመራት ደግሞ «ኸላስ» ነው፣ ዐረብኛው። አማርኛውን ጨምሮ በአራት ቋንቋ ተዪ እየተባልኩ ነው እዚያ ቤት የኖርኩት፤ አንዱንም የሰማሁት አይመስለኝም።

በገባሁ በሦስተኛው ዓመት ሴት ልጅ ወለደች። ከአራስ ቤት ወጥታ ሥራ ስትመለስ ልጅቷ የእኔ ሆነች። የእኔ ሆነች ስልሽ በወረቀት አይደለም፤ በክንድ ነው። ቀኝ ክንዴ ላይ ካልሆነ አትተኛም ነበር። ላቧ፣ ወተቷ፣ ሁሉ ነገሯ ልብሴ ላይ ነው። «ታታ» ነበር የምትለኝ፣ እዚያ ልጆች አክስታቸውን እንደሚጠሩት። ከዚያ ቀጥሎ ያወጣችው ቃል «ነይ» ነው፣ በአማርኛ። ማዳም ሰምታ ሳቀች፤ ሳቋን ስትጨርስ ግን ፊቷ ልክ አልነበረም። እኔ ደግሞ ያን ቀን ወጥ ቤት ገብቼ ብቻዬን ፈነደቅሁ። ወጣትነት አያሳፍርም።

ያኔ አንድ ሾፌር ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ወደቡ የሚመላለስ ተሳቢ ነው የሚነዳው። የሰፈራችን ልጅ ስለሆነ የእናቴን መልእክት ያመጣልኛል፣ እኔም በእሱ ዘይትና ጨርቅ እልካለሁ። መሪ ከመጨበጡ በፊት ቆሎ ተማሪ ነበር፤ ግዕዙ ከአፉ አልጠፋም። አንድ አርብ፣ የዕረፍት ቀኔ ነው፣ ከባድ መኪኖች በሚቆሙበት ሜዳ ጎማው ጥላ ሥር ተቀምጠን ስለዚሁ ስለ ተዪው አነሣሁበት። በአራት ቋንቋ እባላለሁ ብዬ ላስቀው ነበር። እሱ ግን አልሳቀም።

«በግዕዝ ኀደገ ነው» አለኝ። «ስንጸልይ ኅድግ ለነ የምንለው በደላችንን ተውልን ማለታችን ነው። ሚስቱን ትቶ የሄደም ሰው በዚያው ቃል ነው የሚጠራው፣ ኀደጋ፣ ተዋት፣ ይባላል።»

«ታዲያ ይቅር ማለትና ጥሎ መሄድ አንድ ነው?»

«ሁለቱም የያዙትን መልቀቅ ነዋ» አለና የያዘውን የውኃ ጠርሙስ ሰጠኝ። «አሁን አንቺ ያንን ቤት የምትለቂው መቼ ነው? እናትሽ ታማለች። እኔም ሽማግሌ ልኬ እሺ ተብያለሁ። ፋሲካን አላልፍም።»

እወደው ነበር። ይህን ነገር ስናወራ ሰው ይረሳል፤ እወደው ነበር። ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ መዳፉ መሪው ካጠነከረው ቆዳ በቀር ለስላሳ ነው። እናቴም እውነት ታማ ነበር። ስለዚህ በማግስቱ ለማዳም ልሄድ ነው አልኳት። የልጅቷን ጫማ እያሰረች ነበር፤ ማሰሯን ሳታቆም ሰማችኝ።

«ልጄ በምትክሽ የማመጣትን ሠራተኛ ከለመደች፣ ሂጂ» አለችኝ። «ካልለመደች ግን ወላሂ አልለቅሽም። ሁለት ሳምንት እሰጣታለሁ። ካልሆነ አዲሷን እመልሳታለሁ።»

አጠገባችን ካሉት ቤቶች በአንዱ፣ ፈረንጆች ቤት፣ አንዲት ትልቅ ሴት ይሠሩ ነበር። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ሃያ ዓመት በዚያ አገር የኖሩ ናቸው፤ «ስድስት ልጅ አሳድጌ ስድስቱንም ትቻለሁ» ይሉ ነበር። ፈረንጆቹ ሥራቸው ሲያልቅ ልጆቹን ይዘው ይሄዳሉ፣ እሳቸው ሌላ ቤት ይገባሉ። በግንቡ በኩል ጠርቼ ነገርኳቸው።

«ሕፃን የሚያውቀው ፊት አይምሰልሽ» አሉኝ። «ጠረን ነው። አንድ ሽቲ ምረጪ። ሳታጥቢ ሳምንት ልበሺው፤ ተኚበት፣ አቅፈሻት ላቢበት። ከዚያ ለአዲሷ ስጪያት፣ ልጅቷን ስታስተኛ እሷ ትልበሰው። ሁለት ሦስት ቀን ታለቅስና ትለምዳለች። የእሷና የአንቺ ጠረን ይቀላቀላል፤ ኋላ ያንቺ እየጠፋ የእሷ ይቀራል። ሳሙና እንዳይነካው ብቻ።»

ሽቲ ያ ስሱ ሰፊ የቤት ቀሚስ ነው፣ ታውቂዋለሽ። በመካከላችን ይህን ነገር ጠረን ማውረስ እንለው ነበር። ብዙዎቹ ያደርጉታል፤ ማንም ለማዳሞቹ አይናገርም። እኔም ሐምራዊ ሽቲ መርጬ ሳምንት ሙሉ ለበስኩት። የኸምሲን ወር ነበር፤ ነፋሱ እንደ ምድጃ አፍ ፊት ይጠብሳል። መብራት ሲጠፋ ክሊሙ፣ ማቀዝቀዣው፣ ቀጥ ይላል፣ እኔና ልጅቷ አንድ ላይ እንርሳለን። በሳምንቱ መጨረሻ ሽቲው ራሱ እኛን ሆኖ ነበር።

አዲሷ ልጅ መጣች። ከወሎ በኩል ናት፤ ቀጭን፣ ዐይነ አፋር፣ እጆቿ ግን ትልልቅ። አንድ ፌስታል ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ግቢ እስክትባል አልገባችም፣ ተቀመጪ እስክትባል አልተቀመጠችም። እሷ ቤት ወንድሞቿ ትምህርት ላይ እንደሆኑ፣ የሚልክ ሌላ ሰው እንደሌለ በመጀመሪያው ቀን ነገረችኝ። «እህቴ፣ እባክሽ አስለምጂኝ» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። በእውነት ነው የምልሽ፣ ያን ሰዓት ምንም ክፋት አልነበረብኝም።

ረፋዱ ላይ ልጅቷ ወለሉ ላይ ሙዝ እየበላች ነበር። አዲሷ ራቅ ብላ ተንበርክካ ታያታለች፤ አልጠራቻትም፣ አላባበለቻትም፣ ዝም ብላ ታያታለች። ልጅቷ ተነሣች። እየተወላገደች ሄደችና የነከሰችውን ሙዝ አፏ ላይ ደቀነችላት።

ከእኔ በቀር ማንንም አጉርሳ አታውቅም ነበር። አባቷን እንኳ።

ምን እንደነካኝ እነግርሻለሁ፣ አልሸፋፍነውም። ቅናት ነው። ለሾፌሩ፣ ለእናቴ፣ ለራሴም ልሄድ ነው ብዬ የጨረስኩ ሰው፣ አንዲት ቁራሽ ሙዝ አንገበገበችኝ። ሐምራዊውን ሽቲ አውልቄ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ዘፈዘፍኩት፣ በሳሙና ሁለት ጊዜ አሸሁት፣ በረኪናም ጠብ አደረግሁበት። በዚያ ነፋስ ለመድረቅ ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። ወርጄ ተኮስኩት፣ ዐራት አጥፌ ለአዲሷ ሰጠኋት። «እንኪ፣ ስታስተኚያት ይህን ልበሺ፤ ቀለሙን ትወደዋለች» አልኳት። ትልልቅ እጆቿን ዘርግታ፣ ጎንበስ ብላ ተቀበለችኝ።

ጅቡቲ ቀትር ላይ ትሞታለች። ሰባት ሰዓት ገደማ ጫቱ ይገባል፤ መኪኖቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ያልፋሉ፣ ከዚያ ጸጥ ነው። ሱቁ ይዘጋል፣ ቢሮው ይዘጋል፣ ወንዶቹ ለመቃም ይሰበሰባሉ፣ ሕፃን ሁሉ ይተኛል። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የእኛ ልጅ ጩኸት ብቻ ይሰማ ነበር። አዲሷ ሽቲውን ለብሳ አጠገቧ ጋደም አለች፤ ልጅቷ ፊቷን ደረቷ ላይ አስጠጋች፣ አሸተተች፣ ከዚያ «ታታ! ታታ!» እያለች ተንፈራፈረች። እኔ በሩ ኋላ ቆሜያለሁ። ደስ አለኝ። ይኸው ነው፤ ደስ አለኝ። ገብቼ አቀፍኳት፣ ወዲያው ተኛች።

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ፣ በሦስተኛውም ቀን። ከዚያ በኋላ አዲሷ ማንኪያ ስትይዝላት ትመታዋለች፣ ልታጥባት ስትል ትደርቃለች። ማዳም ከቢሮ ስትመለስ «ዛሬስ?» ትላለች፣ እኔ ዐይኔን ሰበር አድርጌ ራሴን እነቀንቃለሁ። አዲሷ ወጥ ቤት ጥግ ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። እትዬ በግንቡ በኩል ጠሩኝ።

«አጥበሽዋል እንዴ?»

«አላጠብኩም፣ እትዬ።»

ትክ ብለው አዩኝ። ሃያ ዓመት የሳሙና እጅ ያላቸው ሴት ናቸው፣ ምን ይደበቃቸዋል። «ተዪው» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ልጅቷን ተዪያት ማለታቸው ይሁን፣ ውሸቱን፣ ወይስ እኔን መተዋቸው፣ አልጠየቅኋቸውም። ከዚያ ወዲህ በግንቡ በኩል ጠርተውኝ አያውቁም።

በስምንተኛው ቀን ማዳም ሁለቱን ሳምንት እንኳ ሳትጠብቅ «ኸላስ» አለች። «ይቺ ልጅ ሕፃን አይቀርባትም።» ለአዲሷ ሃያብለ፣ ከከተማው ዳር ያለ ሰፈር፣ አንድ ቤት አገኙላት፤ ውኃ በጀሪካን የሚቀዳበት፣ ሰባት ልጆች ያሉበት፣ ክፍያው ግማሽ የሆነ ቤት። ስትወጣ እኔን ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። ሽቲውን አጥፋ አልጋው ላይ ትታልኝ ሄደች። ያኔ ላስቆማት እችል ነበር። ማዳምን ጠርቼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሌላ ሳምንት ስጪያት ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ልጅቷ ክንዴ ላይ ተኝታ ነበር፤ እንዳትነቃ ፈራሁ።

እኔ ቀረሁ። ሾፌሩ ያን ፋሲካ ጠበቀ፣ የሚቀጥለውንም ጠበቀ፣ ከዚያ ሞጆ ላይ አገባ። ዜናውን ያመጣልኝ ጓደኛው «ምንም አልተቀየመሽም» አለኝ። ያ የግዕዙ ቃል ትዝ አለኝ። ይቅር ብሎኝም ጥሎኝም ነበር ማለት ነው፤ ሁለቱም እኩል ነው የሚያመው። ለእናቴም ለአርባዋ ነው የደረስኩት።

ቆይ፣ ያንን አንሶላ ጫፉን ያዢልኝ፣ አንድ ላይ እንጠፈው። እንዲህ። ጎበዝ።

ልጅቷ አደገች። ትምህርት ቤት ስትገባ አማርኛው ቀስ በቀስ ከአፏ ጠፋ። ሰባት ዓመት ሲሞላት ጓደኞቿ ፊት በአማርኛ ስጠራት ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች። አልፈረድኩባትም፤ ልጅ እንዲህ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ አባቷ ፈረንሳይ አገር ሥራ ተመደበና ቤተሰቡ ሊሄድ ሆነ። ሌሊቱን ሁሉ እንዴት እለያታለሁ ብዬ ስገላበጥ አደርኩ። በሩ ላይ ሁለት ጉንጬን ሳመችኝ፣ «ኦ ረቯር ታታ» አለች፣ መኪናው ውስጥ ገብታ የታናሽ ወንድሟን ቀበቶ ማሰር ጀመረች። መኪናው ሲዞር ቀና አላለችም። መተው እንዲህ በቀላሉ እንደሚቻል ያየሁት ያኔ ነው።

እኔም አገሬ ልገባ ዕቃዬን ሰበሰብኩ። አዲሱ ባቡር ሊጀምር ነው የሚባልበት ዓመት ነበር። ለዘመድ የሚሆን ሽቶና ጨርቅ ልገዛ ካርቲየ 3 ገበያ ወረድኩ። በጠባቡ መንገድ ላይ በርበሬ፣ ሽሮና ኮረሪማ የምትሸጥ አንዲት ወፍራም ሴት ከሱቋ ውስጥ «እህቴ!» ብላ ጮኸች። በእጆቿ ነው ያወቅኋት።

አቅፋ አልለቅ አለችኝ። ሻሂ በወተት አስመጣችልኝ፣ ወንበር አቀረበችልኝ። ሃያብለ ሦስት ዓመት መከራዋን በልታ፣ ከዚያ በጉሊት ጀምራ ለዚህ በቅታለች። ወንድሞቿ ተመርቀዋል። ሽሮ ሊገዙ ለመጡ ሁለት ሴቶች ታወራላቸው ጀመር።

«ይቺን ታያላችሁ? ይህን አገር ስረግጥ መጀመሪያ ያከበረችኝ እሷ ናት። የራሷን ቀሚስ በሳሙና አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጥፋ ነው የሰጠችኝ። የሰው አሮጌ ከነእድፉ ሲጣልልኝ ላደግኩት ልጅ! እስከዛሬ ለሚመጡ ልጆች ስነግር ሰው እንዲህም አለ እላቸዋለሁ።»

ሴቶቹ እስኪወጡ ጠበቅሁ። ሻሂው ላይ የወተት ቆዳ ያዘበት። ዝም ብዬ መውጣት እችል ነበር፤ ሻንጣዬ ተዘግቷል፣ ዳግመኛ አንገናኝም። ግን ደክሞኝ ነበር። ያን ያህል ዓመት መሸከም ያደክማል። ነገርኳት። ጠረን ማውረስን፣ እትዬ ሳሙና እንዳይነካው ማለታቸውን፣ ሙዙን፣ በረኪናውን፣ በሩ ኋላ ቆሜ ደስ እንዳለኝ፣ ስትባረር አፌን መዝጋቴን። «ተዪልኝ» ልል ፈለግሁ፤ ለመጠየቅ እንኳ አፈርኩ።

አንድ ደንበኛ መጣ፤ በርበሬ መዘነችለት፣ መልሱን ሰጠችው፣ እጇን በጨርቅ ጠረገች።

«አራተኛው ቀን ላይ» አለች፣ «አንቺ ዓሣ ልትገዢ ወጥተሽ ቆየሽ። ትዝ ይልሻል?»

አልታወሰኝም።

«ተኝታልኛለች።»

«ማን?»

«ልጅቷ። ክንዴ ላይ። ለቅሶ የለ፣ ምን የለ፤ ጸጉሬን ጨብጣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ። እኔ አልተኛሁም፣ ሳያት ነበር። የበሩን ድምፅ ስሰማ ቀስ ብዬ አልጋዋ ላይ አደረግኋትና ወጥ ቤት ገብቼ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ።»

«ለምን?» አልኳት። «ለማዳም ብትነግሪያት እኮ አትባረሪም ነበር።»

«በዚያ ሰሞን ፊትሽን አይ ነበር» አለች። «እሷን ስታይ የሚሆነውን ፊትሽን። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው። ከሄድሽ በኋላ ጊዜ አለኝ፣ ያኔ ትለምደኛለች ብዬ።»

ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ። መንገዱ ጭር አለ፣ ሌሎቹ ሱቆች ተዘጉ፤ እሷ መዝጊያዋን ገርበብ አደረገችው። ጥላው ውስጥ ተቀምጠን ቀትሩ እስኪያልፍ ስለ ልጅቷ አወራን፤ እኔ ስለ ዘጠኙ ዓመት፣ እሷ ስለዚያች አንድ ከሰዓት። ብዙ ያወራችው እሷ ነበረች።